የመመለሻ ሰዓት

ሚስተር ሮላንድ ዊቼሎ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ስህተት ሲያርም ኖሮ፣ በአንድ የነሐሴ እሑድ ጠዋት ብራንስቴድ በምትባል የኖርፎክ የባሕር ዳር መንደር፣ ጭቃ ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘው ጀልበኛው ጄቤዝ ጎትስ ነው። ጄቤዝ ባርኔጣውን አላወለቀም። ሬሳውን በመቅዘፊያው ጫፍ ነካ አድርጎ ፊቱን አየና፣ «ሌላ አዋቂ» ብሎ ፖሊስ ሊጠራ ሄደ።

የሟቹ የእጅ ሰዓት የቆመው አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን ረግረጉን ተሻግሮ፣ ጫፍ ላይ ያለውን የፈረሰ ጸሎት ቤት ሊያይ ሄዶ ነበር። የብራንስቴድ ረግረግ እንግዳ አይወድም። እንግዳው ፊቱን ወደ ባሕሩ አዙሮ ሞገዱ ምን ያህል እንደራቀ ሲገምት፣ ውሃው ከጀርባው ረግረጉን በሚከፍለው ቦይ በኩል ገብቶ መንገዱን ይቆርጥበታል።

በዚህ ምክንያት እንግዳ የሚያሳድር የመንደሩ ቤት ሁሉ መግቢያው ላይ ከእንጨት የተሠራ የሰዓት ሰሌዳ ይሰቅላል። ጠቋሚዎቹ የሚዞሩት በእጅ ነው። የሚያሳዩት ደግሞ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት አይደለም፤ ከሙላቱ ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ፣ የሰው እግር ደረቅ መሬት መርገጥ ያለበትን ሰዓት ነው። መንደርተኛው «የመመለሻ ሰዓት» ይለዋል። በሚስስ ቡሊሞር የእንግዳ ማረፊያ ጠቋሚውን በየጠዋቱ የምታዞረው የቤት ሠራተኛዋ ዶሪስ ጎትስ ነች። ቅዳሜ ትክክለኛው መመለሻ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ሟቹ ሳይመለስ ሲቀር ሰዎቹ ሰሌዳውን ቀና ብለው ቢያዩት ግን አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ይላል።

ለሁሉም ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰላቸው። ዶሪስ ባሏ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የቀረባት፣ ሁለት ልጆቿን ይዛ በማረፊያው ጓሮ በአንዲት ክፍል የምትኖር ሴት ነች። ሚስስ ቡሊሞር እሑድ ጠዋት ስልክ ስትደውል የደወለችው ለሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ሰው ያስገደለች ሴት ልጅ ልታሳድግ አይገባትም አለች። ጽሕፈት ቤቱም ሚስ ኦርፎርድ የተባለች ሠራተኛ ሰኞ በስምንት ሰዓት መጥታ ኔድንና ፔጊን «ለጊዜው» እንደምትወስድ አስታወቀ። ዶሪስ «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ታውቀዋለች። እሷንም በስድስት ዓመቷ ለጊዜው ወስደዋት ነበር፤ የተመለሰችው በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

ኢንስፔክተር ዊኒፍሬድ ላርተር ከኖርዊች የደረሰችው እሑድ ከምሳ በፊት ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ የዝናብ ካፖርቷ ቁልፍ የጎደለው ሴት ነች። ሚስስ ቡሊሞር በሩን ከፍታ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ተመለከተች።

«ኢንስፔክተሩ የት አሉ?»

«ፊትዎ ቆመዋል። እግራቸውንም ጠርገዋል። ይግቡ?»

ሚስስ ቡሊሞር ከንፈሯን ገጥማ አስገባቻት። መግቢያው ላይ ሰሌዳው ተሰቅሏል፤ ከጎኑ ደግሞ የዓመቱን የባሕር ሙላት የሚናገር፣ ጥቃቅን ቁጥር የተደረደረበት የታተመ ሠንጠረዥ በክፈፍ ተሰቅሏል።

«ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን አይተውት ነበር?»

«እኔ? እዚህ ስኖር ሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው! ውሃ መቼ እንደሚመጣ ለእኔ እንጨት ይነግረኛል?»

«ዶሪስ ሰዓቱን የምታገኘው ከዚህ ሠንጠረዥ ነው?»

«ከሠንጠረዥ!» ሚስስ ቡሊሞር በአፍንጫዋ ሳቀች። «እሱን ቢሰጧት ዓሣ ትጠቀልልበታለች። በየጠዋቱ ዓሣ ልታመጣ ስትሄድ ያንን የባሏን አጎት፣ ጄቤዝን፣ ትጠይቀዋለች።»

«ሟቹስ? ጥሩ እንግዳ ነበሩ?»

«ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ሦስቱንም ቀን አስተማረኝ። ሾርባዬን ቀምሶ ‹ባሕሩ ራሱ ከዚህ ይጣፍጣል› አለ። ለጎብኚዎች በሚጽፈው መጽሐፍ ላይ አንሶላዬ እርጥበት እንዳለው ሊጽፍብኝ ነበር። ይጻፍ! ጎብኚ እንደሆነ ማንበብ አይወድም፤ መብላት ነው የሚወደው።»

የሟቹ ሚስት ሴሊያ ዊቼሎ ሳሎን ተቀምጣ የጥቁር ባርኔጣዋን ጠርዝ ታቃና ነበር።

«አዝናለሁ፣ ሚስስ ዊቼሎ።»

«ደህና። እኔም እየሞከርኩ ነው» አለች ሴሊያ። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር የምጽፍለትን ደብዳቤ በቀይ ቀለም አርሞ ይመልስልኝ ነበር። የመጨረሻውን እንኳ ‹ትንሽ ተሻሽለሻል› ብሎ ነው የመለሰው።»

«ቅዳሜ ቁርስ ላይ ማን ነበር?»

«እሱ፣ እኔ፣ ጸሐፊው ባሲል ትራንተር። ባሲል እንቁላሉን እንኳ ሳይጨርስ ‹እርሳሴን አምጣ› ተብሎ ተላከ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ሌላ ሰው ውሻውን እንደሚልከው።»

«የሄደው በመግቢያው በኩል ነው?»

«ወደ ፎቅ የሚያወጣ ሌላ ደረጃ የለም እኮ። ለማንኛውም ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው። ዛሬ ያንን ሠንጠረዥ ሄጄ አየሁት። ሙላቱ አሥር ሰዓት ከአሥር ነው ይላል፤ ሰሌዳው አሥራ አንድ ከአሥር። አንድ ሙሉ ሰዓት ስታለች! ይቺን ታህል ቁጥር መገልበጥ አቅቷት።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ጻፈችና ወደ መግቢያው ተመልሳ ሠንጠረዡ ፊት ቆመች። ሠንጠረዡ በእርግጥ ለቅዳሜ አሥር ሰዓት ከአሥር ይላል። ግርጌው ላይ ግን ጉንዳን በሚያክል ፊደል ሌላ ነገር ተጽፏል፤ ሰዓቱ የክረምቱ ነው፣ በበጋ አንድ ሰዓት ይደመርበት ይላል። አገሩ በበጋ፣ በእነርሱ ነሐሴም በጋ ነው፣ ሰዓቱን በአንድ ወደ ፊት ይገፋል፤ አታሚዎቹ ግን ባሕሩ መንግሥት አይሰማም ብለው ሠንጠረዡን አይነኩትም።

ባሲል ትራንተር ፎቅ ላይ የጽሕፈት መኪናውን እየጠረገ ነበር። ቀጭን፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ መነጽሩን በየደቂቃው የሚወለውል ሰው ነው።

«ነገሩ ቀላል ነው፣ የኔ እመቤት» አለ። «በሚገባዎት መንገድ ላስረዳዎት። ሠንጠረዡ አሥር ከአሥር ይላል። የበጋውን ሰዓት ሲደምሩበት ሙላቱ አሥራ አንድ ከአሥር ይሆናል። ሠራተኛዋ እስከዚህ ድረስ አልሳተችም፤ እንዲያውም ይደንቃል። ከዚያ ላይ ሁለቱን ሰዓት መቀነስ ነው የረሳችው። የሙላቱን ሰዓት በመመለሻው ቦታ አደረገችው። ዳቦ ላይ ቅቤ ለመቀባት የተፈጠረ ጭንቅላት ሲያስብ ውጤቱ እንደዚህ ነው።»

«ግሩም አድርገው አስረዱኝ። ይህን ሁሉ ያወቁት ከአደጋው በኋላ ነው?»

ባሲል መነጽሩን አወለቀ። ስድብ የሰማ ይመስል ነበር።

«በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ባሕር ሙላት ያለውን ምዕራፍ ማን የጻፈው ይመስልዎታል? እሱ? ዊቼሎ የባሕር ሙላትን ከገላ መታጠቢያ ገንዳ አይለይም ነበር!» መሳቢያውን ስቦ አንድ ደብተር አወጣና ዘረጋላት። «ይኸው፣ ያንብቡት፣ ከቻሉ። የሳምንቱ ሙሉ ስሌት ነው። ዓርብ ጨረስኩት።»

ገጹ ላይ ባማረ እጅ ጽሑፍ የዓርብ ቀን ተጽፏል። ከሥሩ ለቅዳሜ፣ ሙላት አሥራ አንድ ከአሥር፣ መመለሻ ዘጠኝ ከአሥር።

«ቆንጆ ሥራ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «መጽሐፎቹ ላይ ግን ስምዎን አላየሁም።»

«በምስጋናው ገጽ አለ። ከውሻው ቀጥሎ።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ ውሻው ሞቷል። እኔ ግን አሁንም ሁለተኛ ነኝ።»

«ወደ ረግረጉ አብረውት አልሄዱም?»

«ሁልጊዜ ቦርሳ የምሸከመው እኔ ነኝ። ቅዳሜ ራሴን አሞኝ ነበር።»

«ደብተሩን ላቆየው?»

«ያቆዩት» አለ ባሲል በትዕግሥት። «ለፖሊስም ትምህርት አይከፋም።»

ወጥ ቤት ስትገባ ዶሪስ የሸርጣን ሥጋ ከቅርፊቱ እየፈለቀቀች ነበር። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን አላቆመም። ከበሩ ውጭ ሁለቱ ልጆች ድምፃቸውን አጥፍተው ተቀምጠዋል። ከትናንት ጀምሮ አንዴም አልተጣሉም፤ ዶሪስን ከሁሉ በላይ ያስፈራት እሱ ነው።

«ዘጠኝ ላይ ነው ያደረግኩት» አለች ሳትጠየቅ። «ዘጠኝ ላይ ነው… ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ምናልባት ሳላውቅ ክርኔ ነክቶት ይሆን? ሰው እንዲህ ደጋግሞ ሲልሽ ራስሽን ትጠረጥሪያለሽ።»

«ዘጠኝ መሆኑን ከሠንጠረዡ አይተሽ ነው?»

ዶሪስ ዓይኗን ወደ ሸርጣኑ መልሳ «አዎ» አለች።

«ነይ እስቲ አሳዪኝ።»

ዶሪስ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተከተለቻት። ከሠንጠረዡ ፊት ቆመች። ጣቷ ቁጥሮቹ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ መጋቢት ላይ ቆመ።

«መነጽሬን ረስቼው ነው።»

«ዶሪስ፣ አሁን ከሸርጣኑ ጥፍር ውስጥ ፀጉር የምታህል የቅርፊት ስባሪ ስትለቅሚ ነበር። ያለ መነጽር።»

ዶሪስ ግራና ቀኝ አየች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አይንገሩብኝ። በእናት ይዤዎታለሁ፣ ለዚያች ለሚስ ኦርፎርድ አይንገሩብኝ። ማንበብ የማትችል እናት ነች ካሉማ ጨርሰው ነው የሚወስዱብኝ። ከጥር ጀምሮ ሐሙስ ሐሙስ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ እየተማርኩ ነው። የልጆቼን ስም እጽፋለሁ። የሰዓት ገጽም አባቴ አስተምሮኛል፣ ጠቋሚ ማዞር አያቅተኝም። እንዲህ ቁጥር ሲደራረብ ግን ይዞርብኛል።»

«ታዲያ ለምን አዎ አልሽኝ?»

«ሰው ሁሉ ከሠንጠረዡ ነው የምታየው ብሎ ያስባል። እኔም ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ይሻለኛል። አጎቴ ጄቤዝ ‹እስከ ዘጠኝ› ይለኛል፣ መጥቼ ዘጠኝ ላይ አደርጋለሁ። ሌላ ነገር አላውቅም።»

«ባሕሩ የሚሞላው ስንት ሰዓት እንደሆነስ?»

«እሱን ምን ያደርግልኛል? ጠይቄውም አላውቅ።»

ኢንስፔክተር ላርተር ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ለዶሪስ ግን ምክንያቱን አልነገረቻትም። ቀጥታ ወደ ጀልባ መቆሚያው ወረደች። ጄቤዝ መረቡን እየጠገነ ቀና አላለም።

«ዘጠኝ ነው ያልኳት» አለ። «ዘመዷ ስለሆነ ይዋሽላታል ካልሽ ደግሞ፣ ልጄ፣ ያ መነጽራም ቀድሞሽ ብሎታል።»

«የሙላቱን ሰዓት ነግረዋት ያውቃሉ?»

«ለምን እነግራታለሁ? ሙላቱን የሚጠይቅ እንግዳ ነው። ፎቶ ሊያነሳ። እኛ የምንጠይቀው መመለሻውን ነው።»

«ዘጠኝ ብቻ? ዘጠኝ ከአሥር አላሉም?»

«ከአሥር?» ጄቤዝ መረቡን አስቀመጠ። «ባሕሩ በኪሱ ሰዓት የያዘ መሰለሽ? ዘጠኝ እላለሁ፣ ዘጠኝ ተኩል እላለሁ። ደቂቃ የሚቆጥር ጀልበኛ ካገኘሽ ጠጥቷል ማለት ነው።»

ሰኞ በሰባት ሰዓት ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ምግብ ቤት ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል። ሴሊያ ባርኔጣዋን አድርጋለች። ባሲል እግሩን አጣምሯል። ጄቤዝ ጭቃ የያዘ ቦቲውን እንዳደረገ ሲገባ ሚስስ ቡሊሞር ምንጣፏን አይታ ተነፈሰች። ዶሪስ ቆማ ቀረች።

«ቁጭ በይ፣ ዶሪስ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የእንግዳ ወንበር ነው» አለች ሚስስ ቡሊሞር።

«አውቃለሁ። ቁጭ በይ።»

ዶሪስ በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ባጭሩ እጨርሰዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሰሌዳው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ነበር። ሚስተር ዊቼሎ አምኖት ሄደ። አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ሰፊ ጊዜ አለኝ ብሎ ሲመለስ ቦዩ ሞልቶ ጠበቀው። ሁላችሁም ጠቋሚውን ያለ ቦታው ያደረገችው ዶሪስ ነች ብላችኋል። እስቲ ስህተቱን ራሱን እንየው። የደከመች ሴት እጇ ቢስት ጠቋሚው የትም ሊቆም ይችላል። ስምንት ላይ፣ አሥር ላይ፣ ሩብ ጉዳይ ላይ። ይህ ግን የቆመው ባሕሩ በሚሞላበት ደቂቃ ላይ ነው። አንድ ደቂቃ አልጎደለም፣ አልተረፈም።»

«እኔም ያልኩት እሱኑ ነው» አለ ባሲል። «የሙላቱን ሰዓት አደረገችው።»

«ብለዋል። ያን ሰዓት ለማግኘት ሠንጠረዡን አንብቦ፣ የግርጌውን ጽሑፍ አንብቦ፣ አንድ ሰዓት መደመር ያስፈልጋል። ጀልበኛው ደቂቃ አይቆጥርም፤ የሙላቱን ሰዓትም ለማንም አይናገርም።»

«ዘመዷ ነው» አለ ባሲል። «የፈለገውን ይላል። ሠንጠረዡ አፍንጫዋ ሥር ተሰቅሎ ቆማ አታነብም?»

ኢንስፔክተሯ ወደ ዶሪስ ተመለከተች። እንድትናገር አላዘዘቻትም፤ ጠበቀቻት። ዶሪስ ሽርጧን ጨብጣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሚስ ኦርፎርድ ልትመጣ ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል። ምስጢሯ ከወጣ ልጆቿን ያስወስድባታል ብላ ስትፈራ ነበር። አሁን ደግሞ ካላወጣችው ይወስዷቸዋል።

«ማንበብ አልችልም» አለች።

ባሲል ያጣመረውን እግሩን ፈታ።

«ከፈለጋችሁ ሳቁ። ሚስስ ቡሊሞር ታውቃለች። እዚያ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ለእኔ ጭቃ ላይ እንዳለ የወፍ ዱካ ነው። ሠንጠረዡን አይቼ ልሳሳት አልችልም፤ አይቼው አላውቅማ!»

«እውነት ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ ወደ ሚስስ ቡሊሞር ዞራ።

ሚስስ ቡሊሞር ጠረጴዛውን አየች። «ፊደል እንደማትለይ ስቀጥራትም አውቅ ነበር» አለች በግድ።

«ስለዚህ እርስዎ ዶሪስ ላይ ጥፋት መጣል ቢፈልጉ ይህን ስህተት አይመርጡም ነበር፤ እሷ የማትችለው መሆኑን ያውቃሉና። ሚስስ ዊቼሎ ደግሞ ሠንጠረዡን አይተው፣ ሰሌዳው በአንድ ሰዓት ስቷል አሉኝ። የበጋውን ሰዓት መደመር እንዳለብዎት ዛሬም አያውቁም፣ አይደል?»

«መደመር?» አለች ሴሊያ። «ለምን?»

«አመሰግናለሁ። ሚስተር ትራንተር፣ እርስዎ ግን ያውቃሉ። ዓርብ ቀን በራስዎ እጅ ጽፈውታል፤ ሙላት አሥራ አንድ ከአሥር፣ መመለሻ ዘጠኝ ከአሥር። ቅዳሜ ዶሪስ ሰሌዳውን ዘጠኝ ላይ አድርጋ ወጥ ቤት ገባች። እርስዎ እርሳስ ሊያመጡ በመግቢያው አለፉ፤ ጠቋሚውንም አዞሩት። ከዚያ ራሴን አመመኝ ብለው ቀሩ። ነገሩ የሰው ስህተት እንዲመስል ለሠራተኛዋ አንድ የጅል ስህተት ፈለሰፉላት። ችግሩ እርስዎ የሚያውቁት የጅል ስህተት የተማረ ሰው የሚሳሳተው ነው። ዶሪስ ይህን ስህተት ለመሥራት መጀመሪያ ማንበብ መማር ነበረባት።»

ባሲል ሳቀ። «ግምት ነው። ሌላ ሰው አዙሮት ይሆናል። እኔ ሰሌዳውን አላየሁም።»

«ሰሌዳው እኮ አፍንጫዎ ሥር ነበር። ሚስተር ዊቼሎ በሰባት ሰዓት ሲወጣ ካፖርቱን ያለበሰው ማን ነው?»

«ባሲል ነው» አለች ሴሊያ ቀስ ብላ። «እዚያው ሰሌዳው ሥር። ሮላንድ ሰሌዳውን በዱላው ነካ አድርጎ ‹እስከ አሥራ አንድ ጊዜ አለኝ፣ አይደል ትራንተር?› አለው። አንተም ‹ከአሥር ደቂቃ ጋር፣ ጌታዬ› አልከው። አሁን ነው ትዝ ያለኝ።»

የባሲል መነጽር እጁ ላይ ቀረ። ፊቱ ያለ መነጽር ትንሽ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት!» አለ። «አራት መጽሐፍ! ያ ሰው አንድ ገጽ አልጻፈም። አገሩ ሁሉ ባርኔጣ የሚያወልቅለት ለእኔ ቃል ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ራሱ ሰዓቱን አስልቶ ቢሆን ኖሮ ባልሞተ ነበር። በራሱ መጽሐፍ ምዕራፍ ሦስት ላይ ተጽፏል እኮ! የጻፈው ሰው ቢሆን ያውቀው ነበር።»

«እኔስ?» አለች ዶሪስ። «ልጆቼስ? እኔ ምን አድርጌህ ነው?»

ባሲል ዞር ብሎ አያት። መልስ ለማግኘት የሞከረ ይመስላል። በመጨረሻ «ስለ አንቺ አላሰብኩም» አለ፤ ከተናገረው ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው።

ሴሊያ ባርኔጣዋን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አደረገች። ጄቤዝ ተነሥቶ፣ «ደብተር ይዞ ሰው ከመግደል መርዝ አይቀልም?» እያለ በምንጣፉ ላይ ጭቃውን እየተወ ሄደ። ሚስስ ቡሊሞር ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ዶሪስ፣ እኔ እኮ ለልጆቹ ብዬ ነው የደወልኩት…»

የበሩ ደወል ጮኸ። ስምንት ሰዓት ነው። ሚስስ ቡሊሞር ለመሄድ ብድግ አለች፤ ዶሪስ ግን ቀድማት መግቢያው ደርሳ ነበር።

በሩ ላይ ግራጫ ጓንት ያደረገች ረጅም ሴት ቆማለች። መንገዱ ዳር መኪናዋ ሞተሩ ሳይጠፋ ይጠብቃታል። ዶሪስን ከላይ እስከ ታች አይታ አንድ የታተመ ወረቀትና ብዕር ዘረጋችላት።

«ሚስስ ጎትስ አንቺ ነሽ? ልጆቹን አልብሻቸዋል? ከታች ፈርሚ፣ እቸኩላለሁ።»

«ምንድን ነው?»

«የተለመደ ነው። ሁሉም ይፈርሙታል።»

ከኋላ ኢንስፔክተሯ ልትናገር አንድ እርምጃ ቀረበች። ዶሪስ እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ አስቆመቻት። ወረቀቱን ተቀበለች፤ እስከ ግርጌው ድረስ ቀስ ብላ አየችው። ኔድ የሚለውን አወቀችው። ፔጊ የሚለውንም አወቀችው። የቀረው ሁሉ እንደ ወትሮው የተደራረበ ነበር።

«እስቲ ቶሎ በይ» አለች ሚስ ኦርፎርድ።

«ማንበብ አልችልም» አለች ዶሪስ። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ያላነበብኩትን ደግሞ አልፈርምም።»

ወረቀቱን ግራጫው ጓንት ላይ መልሳ በሩን ዘጋች፤ ከዚያም ልጆቿን ምሳ ልታበላ ወደ ጓሮ ሄደች።